በኮተቤ መንገድ

ከመገናኛ በታክሲ ወደ ምሥራቅ እንጓዝ። በስተግራችን የየካ ተራራ ከነባሕር ዛፉ ይታየናል። ኮተቤ ስንደርስ የኤካ ኮተቤ ሆስፒታልን እናገኛለን።

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በአገራችን የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ መገኘቱ ተነገረ። ይህ ሆስፒታልም ለኮሮና ሕክምና ተመደበ። ስሙ በአገሩ ሁሉ ተሰማ።

ያን ጊዜ ወሬ ከበሽታው ቀድሞ ተጓዘ። «ነጭ ሽንኩርትና ፌጦ የበላ አይያዝም» ተባለ። «በሽታው የፈረንጅ ነው» ተባለና የውጭ አገር ሰዎች በመንገድ ላይ ተሰደቡ፤ የተደበደቡም ነበሩ። ታክሞ ድኖ የተመለሰውን ጎረቤቱ ሸሸው።

እውነቱን እንወቅ። ኮሮና ዘር አይመርጥም። በትንፋሽ፣ በሳልና በማስነጠስ ከሰው ወደ ሰው ይተላለፋል። በሆስፒታል ደጃፍ ያለፈ ሁሉ አይያዝም። መስኮቱ በተዘጋ፣ ሰው በታጨቀበት ታክሲ ውስጥ ግን በቀላሉ ይተላለፋል። ነጭ ሽንኩርት ምግብ ነው፤ በሽታውን አይከላከልም። የሚረዳን ክትባት፣ አፍና አፍንጫን መሸፈን፣ እጅን በሳሙና መታጠብ፣ መስኮት መክፈት ነው።

ነገም ሌላ በሽታ ገባ ሲባል እንሰማ ይሆናል። ወሬውን ለሌላ ከመንገራችን በፊት የጤና ባለሙያ እንጠይቅ። የታመመውንም አናሳፍረው። ሰው ካፈረ ሕመሙን ይደብቃል። በሽታውን የደበቀ ደግሞ መድኃኒት አይገኝለትም።