ካሹ ሲሞላ

አዲስ አበባ ውስጥ «ካሽ» ሲባል ሰው ሁሉ ኪሱን ይዳስሳል። ቪዲዮ የሚያቀናብሩ ሰዎች ዘንድ ግን ቃሉ ሌላ ትርጉም አለው። «ካሹ ሞልቷል» ከተባለ የሚደሰት የለም። ደመወዝ ገባ ማለት ሳይሆን ሥራ ቆመ ማለት ነው።

ለማያውቀው ላስረዳ። ኤዲተሩ በፕሪሚየርም ሆነ በዳቪንቺ ሪዞልቭ ሲሠራ ፕሮግራሙ በጓዳ የራሱን ዝግጅት ያደርጋል። የታመቀውን ድምፅ ደጋግሞ ከመፍታት አንዴ ፈትቶ ያስቀምጠዋል፤ የድምፁን ሞገድ ይስላል፤ ኢፌክት የበዛበትን ቦታ ቀድሞ ሠርቶ ያቆየዋል። ካሽ ይኸው ነው። ለወጥ ቀድሞ የሚቁላላ ሽንኩርት በሉት። ሽንኩርቱ ቢያርር ሌላ ይከተፋል፤ ዶሮዋ ከጠፋች ግን ዶሮ ወጥ የሚባል ነገር የለም። ዶሮዋ ከካሜራው የወጣው ጥሬ ቅጂ ናት።

ችግሩ የሚጀምረው ጓዳው የጋራ ሲሆን ነው። በንፋስ ስልክ ላፍቶ፣ ከመካኒሳ እስከ ጀሞና ለቡ፣ ፎቅ ላይ አንድ ክፍል ተከራይተው ሰርግ፣ ማስታወቂያና የዩቲዩብ ፕሮግራም የሚሠሩ ስቱዲዮዎች አሉ። አራት አምስት ኤዲተር ይቀመጣል፤ ሁሉም በኬብል ከአንድ ሰርቨር ጋር ይገናኛል። (ክፍለ ከተማችን ስሙን ያገኘው ሽቦ ከማያስፈልገው፣ በነፋስ ከሚሄደው ስልክ ነው ይባላል። እኛ ግን ዛሬም በሽቦ እንጣላለን።)

ሒሳቡን እንየው። በሰከንድ 100 ሜጋ ቢት የሚቀዳ ካሜራ በሰዓት 45 ጊጋ ባይት ይበላል። አንድ ሰርግ በሦስት ካሜራ አምስት አምስት ሰዓት ከተቀዳ 675 ጊጋ ሆነ፤ መልሱና ቅልቅሉ ገና ናቸው። ፕሪሚየር ለእያንዳንዱ የታመቀ ስቴሪዮ ድምፅ የሚያዘጋጀው የካሽ ፋይል ደግሞ በሰዓት 1.4 ጊጋ ያህል ነው፤ ለ15 ሰዓት 20 ጊጋ አለፈ። አምስቱም ኤዲተሮች የየራሳቸውን ካሽ ሰርቨሩ ላይ ካስቀመጡ ያው ድምፅ አምስት ጊዜ ይቀመጣል። ቀድሞ የተሠራውን ምስል ገና አልቆጠርኩም።

ነገሩ የቦታ ብቻ አይደለም። የካሽ ጥቅሙ ፍጥነት ነው። ተራው የጊጋ ቢት ኬብል በሰከንድ ቢበዛ 125 ሜጋ ባይት ያሳልፋል፤ አምስት ሰው ሲካፈለው 25 ደረሰን። ኮምፒውተሩ ውስጥ የተገጠመ መናኛ ኤስኤስዲ እንኳ 500 ያህል ይሰጣል። ስለዚህ ካሽን በኔትወርክ ማስቀመጥ የተቁላላውን ሽንኩርት ጎረቤት ቤት አኑሮ ለእያንዳንዱ ጭልፋ መመላለስ ነው።

ታዲያ ለምን እዚያ ይቀመጣል? የማንም ስላልሆነ ነዋ! «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ» እንላለን። በጋራ ዲስክ ላይ ተረቱ ይገለበጣል፤ ሁሉም አንድ አንድ ሎሚ እያስቀመጠ ይሄዳል፣ ሸክሙን የሚቆጥር ግን የለም። ኮንዶሚኒየም የኖረ ሰው ይገባዋል። ደረጃው ሲቆሽሽ ሁሉም አይቶ ያልፋል፤ የውሃ ሞተሩ ሲቃጠል ግን ስብሰባ ይጠራል። በስብሰባው ላይ ደግሞ ሁልጊዜ የሚጣለው ያልሆነ ነገር ነው።

እንዲህ ስል በግምት አይደለም። ቀድሞ እሠራበት በነበረ አንድ ስቱዲዮ ሰርቨሩ የሞላው በሐሙስ ማታ ነበር፤ ዓርብ የሚረከብ ሰርግ ነበረን። አለቃችን በስልክ «ትልልቁን ፋይል አጥፉና ቦታ ልቀቁ» አሉ። ትእዛዙን የተቀበለው ልጅ ፋይሎቹን በመጠን ደረደራቸው። እዚህ ላይ ነው ወጥመዱ። በመጠን ሲደረደር ከላይ የሚመጣው ጥሬ ቅጂ ነው፤ ካሽ በሺህ የሚቆጠሩ ትንንሽ ፋይሎች ስለሆነ ከታች ተደብቆ ይቀራል። ልጁ ከላይ ጀመረ። ከኔትወርክ ድራይቭ የሚጠፋ ፋይል ደግሞ ኮምፒውተሩ ሪሳይክል ቢን ውስጥ አይገባም፤ ከጠፋ ጠፋ ነው። የካሜራው ካርዶች ፎርማት ተደርገው ሌላ ሥራ ተቀርጾባቸዋል።

ከጠፉት መካከል የሁለት ሰዓት ተኩል ቃለ መጠይቅ ነበር። ካዛንቺስ የኖሩ አንዲት እናት፣ ሰፈሩ በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ከመፍረሱ በፊት፣ እቤታቸው ቁጭ ብለው ያወሩት ነው። እማማ ዛሬም አሉ፤ ቤቱ ግን የለም። በሩ፣ ምድጃው፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው የልጆቻቸው የምረቃ ፎቶ፣ ሁሉም በአንድ የዲሊት ቁልፍ ሄደ። ቴራ ባይት ያለፈው ካሽ ግን ከነክብሩ ተቀምጧል!

ጉዱ ይሄ ብቻ አይደለም። ካሹ ሲፈተሽ የቃለ መጠይቁ ድምፅ በሲኤፍኤ ፋይል ተገኘ። እንዲህ ያለውን ፋይል ኦዳሲቲ በተባለው ነፃ ፕሮግራም እንደ ጥሬ ዳታ፣ 32 ቢት ፍሎት ብሎ ማስገባት ይቻላል። ሞከርነው፤ የእማማ ድምፅ ወጣ። የስኒው ኳኳታ ሳይቀር ይሰማል። ምስሉ የለም። ዶሮዋ ጠፍታ የሽንኩርቱ ሽታ ቀረልን ማለት ነው።

ይህን ስነግራቸው «እንግዲያው ካሽ አይጥፋ!» ያሉኝ ጓደኞች አሉ። የለም። ያ ዕድል እንጂ አሠራር አይደለም። በዕድል የተረፈ ትልቅ ስቱዲዮም አለ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1998 ፒክሳር «ቶይ ስቶሪ 2»ን ሲሠራ አንድ ሰው በጋራ ሰርቨሩ ላይ የማጥፊያ ትእዛዝ ሰጠና የፊልሙ ፋይሎች አብዛኞቹ ዓይን እያየ ጠፉ። መጠባበቂያው ሲፈተሽ በትክክል ሲሠራ አልቆየም። ያዳናቸው ጋሊን ሱዝማን የተባለችው የቴክኒክ ኃላፊ ልጅ ወልዳ ቤቷ ሆና ትሠራ ስለነበር ያስቀመጠችው ቅጂ ነው። ናሳ ግን ዕድለኛ አልነበረም። የአፖሎ 11ን የጨረቃ ጉዞ የመጀመሪያ የምስል መረጃ የያዙት ቴፖች ተሰርዘው ሌላ እንደተቀዳባቸው በ2009 (እ.ኤ.አ.) አስታውቋል። እዚያም ምክንያቱ የኛው ነው፦ ቦታ አነሰ፣ ቴፕ ተፈለገ።

ስለዚህ ደንብ ይውጣ፤ ብዙ አያስፈልግም። ካሽ በየኮምፒውተሩ ኤስኤስዲ ላይ ይቀመጥ፤ በፕሪሚየር የሚዲያ ካሽ ማስተካከያ ውስጥ ቦታውን መምረጥና የቆየውን ራሱ እንዲያጠፋ ማዘዝ ይቻላል። ሰርቨሩ የጥሬ ቅጂና የፕሮጀክት ፋይል ብቻ ይሁን። ካሽ የሚጠፋው ፕሮጀክቱ ተዘግቶ ነው። ጥሬ ቅጂ የገባ ዕለት ሌላ ሃርድ ዲስክ ላይ ይገልበጥ፤ ያም ዲስክ ከዚያው ክፍል ውጭ ይደር፤ ካርድ ከዚያ በፊት ፎርማት አይደረግ። ሰርቨሩን የሚያጸዳ ሰው ደግሞ በስም ይታወቅ። «ሁላችንም» የሚባል ጽዳት ሠራተኛ የለም።

እንደ ጋዜጠኝነት ተመራቂ የሚያሳስበኝ ፒያሳና ካዛንቺስ የፈረሱበት ዘመን ላይ ካሜራ ይዘን መገኘታችን ነው። የዛሬ ሠላሳ ዓመት የዚህችን ከተማ መልክ የሚፈልግ ሰው የሚሄደው ወደ ትልልቅ ተቋማት ብቻ አይመስለኝም፤ የሰርግ ቪዲዮ ጀርባ ላይ ያለውን ግቢና አጥር ሳይቀር ይለቅማል። ያ ሁሉ ያለው በየፎቁ ላይ በሚጮሁ ሰርቨሮች ውስጥ ነው።

እናም ዲስኩ ሲሞላ በመጠን ከመደርደር በፊት አንድ ጥያቄ ይቅደም፦ ይሄ ቢጠፋ መልሶ የሚሠራው ማን ነው? ማሽኑ ከሆነ ያለ ሐሳብ አጥፉት። ሰው ተነስቶ ሄዶ መቅረጽ ያለበት ከሆነ ግን እጃችሁን ከቁልፉ ላይ አንሱ፤ የሚሄድበት ቤት ላይኖር ይችላል።