ሐረር ሜዳ

ሐረር ተወልደን ያደግን ልጆች በአንድ ነገር ሳንሳሳት አልቀረንም። «ሐረር ሜዳ» የሚባለውን የአየር ኃይል ሰፈር ስም ስንሰማ እኛው አገር ያለ ይመስለን ነበር። እኔማ ከሸዋ በር ውጪ ቆሜ፣ አይሮፕላኖቹ ከየት በኩል እንደሚነሡ ስጠብቅ ያመሸሁባቸው ቀናት አሉ። ሜዳው ቢሾፍቱ መሆኑን ያወቅሁት ኋላ ነው። ስሙ የኛ፣ ሜዳው ግን የሩቅ።

ያለፈው ክረምት ለእረፍት ስሄድ ቤታችን ታምሶ ደረስኩ። ታናሽ ወንድሜ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሶ «አብራሪ እሆናለሁ፤ ሐረር ሜዳ እገባለሁ» ብሎ ተነሥቷል። እናቴ እህል አልቀምስም ብላለች። አያቴ ጀበናዋን ከፍም ላይ እያወረደች «ኧረ አይሮፕላን ለሐረር ምን በጎ ነገር አምጥቶላት ያውቃል?» አለች።

አያቴ እንዲህ የምትለው በከንቱ አይደለም። መጋቢት 20 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አይሮፕላኖች ሐረርን በቦምብ አቃጠሏት፤ ጦርነት የማይካሄድባት ክፍት ከተማ ናት ተብሎ ታውጆላት ሳለ። ቅድመ አያቴ የመጀመሪያ ልጇን አዝላ በኤረር በር ወጥታ ማሳ ለማሳ ሸሸች። እስክትሞት ድረስ ከሰማይ ድምፅ በሰማች ቁጥር ነጠላዋን ራሷ ላይ ትደፋ ነበር ይላሉ። አያቴ ያደገችው ይህን እያየች ነው።

ማታ እናቴ ለብቻዬ ጠራችኝና «አንተ የተማርከው ነህ፤ ተው በለው» አለችኝ። እኔም የታሪክ ተማሪ ነኝና ወንድሜን የሚያስፈራ ማስረጃ ፍለጋ ገባሁ። ያገኘሁት ጆን ሮቢንሰን የተባለውን ሰው ነው።

ሮቢንሰን በአሜሪካ፣ ሚሲሲፒ ያደገ ጥቁር ሰው ነበር። ቺካጎ የነበረው የበረራ ትምህርት ቤት ለጥቁር ቦታ የለንም ቢለው፣ እዚያው በጽዳት ሠራተኛነት ገብቶ ወለል እየጠረገ ትምህርቱን በጆሮው ቃረመ ይባላል። በመጨረሻ ተማሪ ሆኖ አብራሪነትን ተማረ። በ1927 ዓ.ም. ግንቦት ላይ ኢትዮጵያ መጣ። መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ዓድዋ በቦምብ ስትደበደብ እዚያው ነበር። ጦርነቱን መሣሪያ በሌለው አይሮፕላን መልእክት ሲያመላልስ ከረመ። ጣሊያን ከወጣ በኋላ፣ በ1936 ዓ.ም. ተመልሶ መጥቶ የኛን ልጆች በረራ ያስተምር ጀመር።

መጋቢት 4 ቀን 1946 ዓ.ም. ኤል-5 ስቲንሰን የምትባል ትንሽ የማሠልጠኛ አይሮፕላን ይዞ አዲስ አበባ ላይ ወደቀ። አብሮት የነበረው ጣሊያናዊ መሐንዲስ ሞተ። እሱም በደረሰበት ጉዳት መጋቢት 18 አረፈ። ዓድዋ ላይ ከጣሊያን ቦምብ የተረፈ ሰው፣ በሰላም ቀን ከጣሊያናዊ ጎን ተቀምጦ ወደቀ።

በዚህም አላበቃሁም። ከጦርነቱ በኋላ ቢሾፍቱ ላይ አብራሪዎቻችንን ያሠለጠነውን ስዊድናዊ፣ ካውንት ካርል ጉስታቭ ፎን ሮዘንን ጨመርኩ። እሱም በሶማሊያ ጦርነት ዋዜማ፣ ሐምሌ 6 ቀን 1969 ዓ.ም. ያን ጊዜ ሐረርጌ ውስጥ በነበረችው ጎዴ ተገደለ።

በማግሥቱ ወንድሜን ይዤ በጀጎል ግንብ ጥግ እየሄድን ይህን ሁሉ አንድ በአንድ ዘረዘርኩለት። ዝም ብሎ ሰማኝና «ጨረስክ?» አለኝ። «ጨረስኩ።»

«ሮቢንሰን ካስተማራቸው ስንቱ በሰላም አረፈ?»

ምን ይዋጠኝ! ይህን አልፈለግሁም፣ አልቆጠርኩም። የወደቁትን ብቻ ነው የለቀምኩት። ወንድሜ ሳቀና «አየህ፣ አንተ አረፈ ስትል ሞተ ማለትህ ነው። አብራሪ አረፈ ሲል ግን መሬት በሰላም ነካ ማለቱ ነው» አለኝ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ደግሞ ያኔ ቦምቡ ሲወርድብን ከኛ መብረር የሚያውቅ ስንት ሰው ነበር?» አለ።

ጓደኞቼ፣ እኛ የመጻሕፍት ሰዎች ይህ በሽታ ያለብን ይመስለኛል። ሞትን ከነቀኑ እንጽፋለን፤ አንድ መምህር ተማሪውን አስተምሮ በሰላም ወደ ቤቱ የመለሰባቸውን ሺህ ቀናት ግን የሚጽፍልን የለም። ሮቢንሰንንም የፈለግሁት ለሞቱ እንጂ ለሥራው አልነበረም። አፈርኩ።

ቤት ስንገባ ወንድሜን እንዳልመለስኩት ከፊቴ ታወቀብኝ። ቡና ሲፈላ የሮቢንሰንን ነገር ለአያቴ አጫወትኳት። ብዙ ቆይታ «ያ ሰውዬ እናት ነበረችው?» አለችኝ።

«አዎ፣ ነበረችው።»

«እሷም እህል አልቀምስም ብላ ይሆናል እኮ» አለችና ወደ እናቴ ዞረች። «ግን ሄደ።»

እናቴ መልስ አልሰጠችም። ቆይታ ግን እጇን ወደ ቆሎው ሰደደች።