የናይን ትንሿ ቤተ ክርስቲያን

ከእስራኤሏ አፉላ ናይን በመኪና ጀበናው ሳይፈላ ይደረሳል። የሙስሊሞች መንደር ናት፤ ፍራንቸስካውያን በ1880 (እ.ኤ.አ.) አካባቢ የሠሩት ቤተ ክርስቲያን ግን አለባት።

«ይቺው ናት?» አሉ አብረውኝ የሄዱት እማማ፣ ነጠላቸውን እያስተካከሉ። «የኛ ደብር ቤተ ልሔሙ እንኳ ከዚች ይበልጣል!»

እውነታቸውን ነው። እኛ ክቡን ለምደናል፤ ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስት፣ መቅደስ እያልን ቅጥር በቅጥር ወደ ውስጥ እንዘልቃለን፤ ምእመን ግን መቅደሱን አያይም። እዚህ አንድ አራት ማዕዘን የድንጋይ አዳራሽ ብቻ ነው፤ ከደጃፉ ላይ ቆመህ መሠዊያው ፊት ለፊትህ ነው። ለናይንማ ይስማማታል ባይ ነኝ፤ ጌታችን የመበለቲቱን ልጅ ከሞት ያስነሣው በከተማዋ በር፣ ሕዝብ እያየ አይደል?

ከመንደሩ ባሻገር ታቦር ይታያል። እዚያ ላይ አርክቴክቱ አንቶኒዮ ባርሉዚ በ1924 (እ.ኤ.አ.) ያስፈጸመው ትልቅ ሕንፃ አለ፤ በሁለቱ ማማዎች ሥር ለሙሴና ለኤልያስ ጸሎት ቤት ሰጥቶ፣ የጴጥሮስን ሦስት ዳስ በድንጋይ ሠርቶለታል። ቡሄ እየጨፈረ ላደገ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል።

እማማን ግን ሌላ ጭንቅ ይዟቸዋል፦ «ጫማ እናውልቅ ወይስ እንደ ፈረንጆቹ ዝም ብለን እንግባ?»