ዝግታን ማን ቆፈረው?

ከኖርፎክ፣ ቨርጂኒያ እስከ ማያሚ፣ ፍሎሪዳ ለአውሮፕላን የጥቂት ሰዓት፣ ለመኪናም ቢበዛ የአንድ ቀንና የአንድ ሌሊት መንገድ ነው። ይህንኑ መንገድ ወር ሙሉ የሚሄዱበት ሰዎች አሉ፤ ያውም ሌላ መጓጓዣ ጠፍቶ አይደለም። ብዙዎቹ ጡረታ የወጡ ባልና ሚስት ናቸው። ቤታቸውን ሸጠው ወይም አከራይተው፣ መኝታ፣ ማድቤትና ሻወር ያላት የሞተር ጀልባ ገዝተው፣ ብርዱ ሲመጣ ወደ ደቡብ ይወርዳሉ፤ ሲሞቅ ይመለሳሉ። ፍጥነታቸው በሰዓት 13 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው።

እነዚህን የማይቸኩሉ ሰዎች ቀን የሚያስቆጥራቸው ኢንሹራንስ ብቻ ነው። የአውሎ ነፋሱ ወቅት እስከ ኅዳር መገባደጃ ስለሚቆይ ብዙ ውሎች «ከዚህ ቀን በፊት ከዚህ መስመር በታች እንዳትወርዱ» ይላሉ። ቀኑ ሲደርስ ታዲያ ሁሉም ባንድ ላይ ይነሣል፤ በሚከፈቱት ድልድዮች ሥር ሁሉ የማይቸኩሉ ሰዎች ወረፋ ይሠራሉ።

እኔና ባለቤቴ ወደዚህ ዓለም የገባነው በእሷ በኩል ነው። ለዓመታት አብራት የሠራች አንዲት አሜሪካዊት ነርስ ጡረታ ወጥታ ከባሏ ጋር ጀልባ ላይ መኖር ጀምራ ነበርና «የመንገዳችንን መጀመሪያ አብራችሁን ሂዱ» ብላ ጋበዘችን። እኔ ደገኛ ነኝ፤ ውሃ ሲባል የሚታየኝ በርሜል ነው። ባለቤቴ ግን ባሕር ዳር ያደገች ናት። ጀልባዋን ዞራ ካየች በኋላ ከወለሉ ሥር ያለውን ግዙፍ የናፍጣ ሞተር አሳዩዋት፤ በስንት እንደምትሄድም ነገሯት። ወደ እኔ ዞር ብላ በአማርኛ «ለዚች ለዚች ታንኳ አይበቃም ነበር?» አለችኝ። ባልየው ምን እንዳለች ጠየቀ። «ጀልባችሁ ታምራለች ነው የምትለው» አልኩት።

መንገዱ የሚጀምረው በኖርፎክና በፖርትስማውዝ መካከል በሚያልፈው ኤልዛቤት ወንዝ ላይ፣ ዜሮ ማይል ከሚባለው ቦታ ነው። ከዚያ እስከ ማያሚ 1,090 ማይል፣ ወደ 1,750 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከውቅያኖሱ ጋር ትከሻ ለትከሻ እየተጓዘ ውቅያኖሱን ሳይነካ ይወርዳል። ወንዝ፣ ሐይቅ መሰል ሰላጤ፣ ረግረግና ሰው የቆፈረው ቦይ እየተቀባበሉት ነው። ወደ ደቡብ ለሚሄድ ሰው ቢጫ ሦስት ማዕዘን ያለበት ምልክት በቀኝ፣ ቢጫ አራት ማዕዘን ያለበት በግራ ይታለፋል። ይህን ያወቀ ግማሹን ትምህርት ጨርሷል።

ቀሪው ግማሽ ጀልባን ወደብ ላይ ማሰር ነው፤ ትዳር የሚፈተነውም እዚያ ነው። አንዱ መሪ ይይዛል፣ ሌላው ገመድ ይዞ ጫፍ ላይ ይቆማል፤ በመካከላቸው ሞተርና ነፋስ ይጮኻል፤ ሳይውል ሳያድር እነሱም ይጮኻሉ። ለዚህ መላ ተብሎ ሁለቱም ጆሯቸው ላይ ማይክ ያለው ማዳመጫ ያጠልቃሉ። ጀልበኞች «ትዳር አዳኝ» የሚል ስም አውጥተውለታል። በእኛ ጀልባ መሪ የምትይዘው ሚስትየው ነበረች። ባልየው ገመዱን ይዞ በማዳመጫው በኩል በሹክሹክታ «ትንሽ ወደ ግራ፣ የኔ ፍቅር… ግራ አልኩሽ እኮ» ሲል ሰማሁት። ጭቅጭቁ አልቀረም፤ ድምፁ ነው የቀነሰው።

መንገዱ ክፍያ የለውም። ቀረጥ የሚጠይቅ የለም፤ ድልድዩ በሬዲዮ ሲለመን ይከፈትልሃል። አንድ ነገር በነፃ ሲሰጠኝ ማን እንደከፈለው ካላወቅሁ እንቅልፍ አይወስደኝም። ለመዝናኛ ብሎ ይህን ያህል ውሃ የሚያዘጋጅ መንግሥት በየትም አልሰማሁም።

ነገሩ የጀመረው በፍርሃት ነው። ውጭ ያለው ባሕር፣ በተለይ በሰሜን ካሮላይና ኬፕ ሃተራስ አካባቢ፣ ብዙ መርከብ ከመዋጡ የተነሣ «የአትላንቲክ መቃብር» ተብሏል። ስለዚህ በደሴቶቹ ጀርባ ተሸሽጎ የሚያልፍ መንገድ የብዙዎች ምኞት ነበር። ምኞቱን የአገር እቅድ አድርጎ በወረቀት ያሰፈረው የፕሬዚዳንት ጀፈርሰን የገንዘብ ሚኒስትር አልበርት ጋላቲን ነው፤ በ1808 ለምክር ቤቱ ባቀረበው ሪፖርት ከማሳቹሴትስ እስከ ጆርጂያ የሚደርስ የውስጥ የውሃ መስመር እንዲኖር አራት ቦታ ላይ የብሱ ይቆረጥ አለ። ጋላቲን የጄኔቫ ተወላጅ ነው። የአሜሪካን ባሕር የፈራላትም መላ የፈለገላትም ባሕር ከሌለው አገር የመጣ ስደተኛ መሆኑን ስሰማ፣ እኔ ደገኛው ትንሽ ኮራሁ። ጊዜ ሳይወስድ በ1812 በተነሣው ጦርነት የእንግሊዝ መርከቦች ጠረፉን ዘግተው ነጋዴው ዕቃውን በጋሪ ሲያንፏቅቅ የጋላቲን ነገር ትዝ ያላቸው በረከቱ።

ጋላቲን ሲጽፍ ግን አንዱ ቦይ ተቆፍሮ ነበር። ከኖርፎክ እንደወጣን መንገዱ ለሁለት ይከፈላል፤ እኛ በስተቀኝ ባለው፣ ታላቁን ዲስማል ረግረግ አቋርጦ በሚሄደው ገባን። መግቢያው ሁለት መዝጊያ ያለው የውሃ ጓዳ ነው። ጀልባዋ ትገባለች፣ ከኋላ ይዘጋል፣ ገመዳችንን ግድግዳው ላይ ባለው ብረት አዙረን እንይዛለን፤ ውሃ ይለቀቃል፣ ሁለት ሜትር ተኩል ያህል ሽቅብ እንወጣለን፣ የፊቱ ይከፈታል። በራፉን የከፈተው ሰው ከዚያ መኪናውን አስነሥቶ ቀድሞን ይሄድና ድልድዩንም ይከፍትልናል። ውሃው በረግረጉ ውስጥ ካለው ድረመንድ ሐይቅ የሚመጣ ነው። የዛፉ ቅርፊትና ቅጠል ስለነከረው ቀለሙ ጥቁር ቡናማ ነው፤ መዝጊያው ሲያናውጠው ነጭ አረፋ ደፍቶ ቁርጥ ጠላ ይሆናል። ቶሎ ስለማይበላሽ የድሮ መርከበኞች በበርሜል ይዘውት ይጓዙ ነበር።

ጆርጅ ዋሽንግተን ይህን ረግረግ በ1763 አይቶ ከሸሪኮቹ ጋር ሊያደርቀውና ሊያርሰው አስቦ ነበር፤ ረግረጉ እምቢ አለ። ቦዩ መቆፈር የተጀመረው በ1793፣ የተከፈተው በ1805 ነው። ርዝመቱ 22 ማይል። የቆፈሩት በአብዛኛው ከጌቶቻቸው በኪራይ የመጡ፣ በባርነት የተያዙ አፍሪካውያን ናቸው፤ በአካፋና በመጥረቢያ። ሞዝስ ግራንዲ የሚባል በዚሁ አካባቢ በባርነት የኖረና በቦዩ ላይ የጭነት ጀልባ ካፒቴን የነበረ ሰው በ1843 ለንደን ላይ በታተመው የሕይወት ታሪኩ የቦይ ቆፋሪዎችን ኑሮ ተርኳል፦ እስከ ወገባቸው፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ በጭቃና በውሃ ቆመው ሥር ይቆርጡ ነበር፤ ጭንቅላታቸው ከውሃ በላይ እስከሆነ ድረስ ሥራ አይቆምም። ግራንዲ ራሱ ነፃነቱን ለመግዛት ሦስት ጊዜ ከፍሏል፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ጌቶች ብሩን ተቀብለው ከዱት። ከቦዩ ጥቂት ገባ ብሎ ደግሞ ከባርነት ያመለጡ ሰዎች በረግረጉ ደረቅ ጉብታዎች ላይ ለትውልዶች ተደብቀው ኖረዋል። ያንኑ ረግረግ አንዱ ሲቆፍር ሌላው ይሸሸግበት ነበር። እኛ ዛሬ በዚያ ላይ ቡና ይዘን፣ እግራችንን ዘርግተን እናልፋለን።

በ1859 በእንፋሎት ማሽን የተቆፈረ ጠለቅ ያለ ቦይ በስተምሥራቅ ተከፍቶ የዲስማልን ገበያ ወሰደበት። ባቡር ደግሞ የሁለቱንም ገበያ ተሻማ። ኪሳራ ሲመጣ መንግሥት ገዢ ሆኖ ቀረበ፤ አዲሱን በ1913፣ አሮጌውን በ1929። የመንገዱ ነፃነት መነሻ ይኸው ነው። ቀጥሎ ጦርነት መጣ። በ1942 የጀርመን ባሕር ሰርጓጆች እዚያው ሃተራስ ፊት ለፊት ነዳጅ ጫኝ መርከቦችን እየለቀሙ ሲያሰጥሙ የውስጡ መንገድ ባርጅ የሚባሉትን ጠፍጣፋ ጭነት ጫኞች አሳልፎ ዋጋውን አስመሰከረ። ከጦርነቱ በኋላ ጀልባና ጊዜ ያለው ሰው በዛ፤ ሁሉም ነገር ተቆፍሮ፣ ምልክት ተተክሎ ጠበቀው። የዚህ ውሃ የዘር ሐረግ ሲቆጠር እንግዲህ ፍርሃት፣ ባርነት፣ ንግድና ጦርነት አሉበት፤ መዝናናት የትም አልተጠቀሰም።

ዛሬም ቢሆን አልተጠቀሰም። ደለሉን የሚጠርገው የአሜሪካ ጦር የመሐንዲሶች ክፍል ነው፤ በጀቱ ሲደለደልም በዋናነት የሚታየው በመስመሩ ያለፈው ጭነት ክብደት ነው። ጡረተኛ ከነሚስቱ ጭነት አይባልም። ፍሎሪዳ ይህን አውቃ ከ1927 ጀምሮ ከምሥራቅ ጠረፏ ባለንብረቶች ግብር እየሰበሰበች ድርሻዋን ትጠግናለች። ባርጅ የሚጎትተው ጀልባ በሚያቃጥለው ናፍጣ ልክ ለውስጥ የውሃ መስመሮች ልዩ ቀረጥ ይከፍላል፤ የመዝናኛ ጀልባ ግን ከዚህ ነፃ ነው።

አልቤማርል የሚባለውን ሰላጤ ተሻግረን አሊጌተር ወንዝን ከፑንጎ ወንዝ ጋር በሚያገናኘው ቦይ ስንጓዝ አንድ ባርጅ ከፊታችን መጣ። ባልየው በሬዲዮ በየት በኩል እንደምንተላለፍ ተነጋገረ፣ ዳር ያዘ፣ ሞተሩን አበረደ፤ ከዚያ ባርኔጣውን አውልቆ እጁን እንደ ሕፃን ያውለበልብ ጀመር። ባለቤቴ ገርሟት ምክንያቱን ጠየቀችው። የበጀቱን ነገር አንድ በአንድ አስረዳት። እሷም ወደ እኔ ዞረች፦ «በል አንተም እጅህን አንሣ፤ የምንንሸራሸረው በሰውየው ሒሳብ ነው።»

አነሣሁ። የባርጁ ነጂ አጸፋ አልመለሰም፤ ሥራ ላይ ነበር።