ምርመራው ሁሉ ደህና ነው፣ እሷ ግን ታማለች

ዛሬ ስለ መድኃኒት ብዙም አላወራም። ባሏን ስለምትጠብቅ ሴት ነው የማወራችሁ።

በቅርቡ አንዲት እናት ሁለት ልጆቿን ይዛ መጣች (ማንነቷ እንዳይታወቅ አንዳንድ ነገር ቀይሬያለሁ)። የያዘችው ፌስታል በምርመራ ወረቀት የተሞላ ነው። የጨጓራ ባክቴሪያ፣ የደም ማነስ፣ የእንቅርት ሆርሞን፣ የልብ ኢሲጂ፣ አልትራሳውንድ፤ ሁሉም ደህና ነው። ኦሜፕራዞል ለሦስተኛ ጊዜ ታዞላታል። «ዶክተር፣ ደረቴን ያቃጥለኛል፣ ልቤ ድው ድው ይላል፣ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ከነቃሁ አልተኛም» አለችኝ። ከእኔ በፊት ያያት ባለሙያ «ምንም የለብሽም፣ አትጨነቂ» ብሎ ሸኝቷታል።

መቼ እንደጀመራት ስጠይቃት ሳታመነታ መለሰች፤ አራት ወር ከአሥር ቀን። ሕመሙን በቀን ቆጥሮ የሚነግረኝ ሰው ብዙም አይገጥመኝም። «ያን ቀን ምን ነበር እህቴ?» አልኳት። ልጆቿን አየት አደረገችና ድምጿን ዝቅ አደረገች። ባለቤቷ ወታደር ነው፣ ግዳጅ ላይ። ስልኩ ጥሪ መቀበል ያቆመው ያን ቀን ነው።

ይህን ሕመም አውቀዋለሁ። ያወቅኩት ደግሞ ሕክምና ስማር ሳይሆን ቤታችን ውስጥ ነው።

በ1991 ዓ.ም. ጥር ላይ አባቴ ወደ ሰሜን ሲዘምት ስምንት ዓመቴ ነበር። ጊዜው የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ነው። ያኔ በእኛ ከተማ ሞባይል የለም። ወሬ የሚገኘው ከሬዲዮና በፈቃድ በመጣ ወታደር እጅ ከሚላክ ደብዳቤ ነው። ሁለት ደብዳቤ መጣ፣ ከዚያ ዝም። እናቴ እራት መብላት ተወች። «እሱ ምን በልቶ ይሆን?» ትልና የራሷን ድርሻ ወደ እኛ ትገፋዋለች። ውሻ በጮኸ ቁጥር ተነስታ በር ላይ ትቆማለች። ሁለቴ ይዞራት የነበረው መቀነት ሦስቴ መዞር ጀመረ። ጤና ጣቢያ ስትሄድ የጨጓራ ኪኒን ሰጥተው ይመልሷታል። እኔ ደግሞ፣ የቤቱ ትልቅ ልጅ፣ አልጋ ላይ መሽናት ጀመርኩ። ተገረፍኩበት። ነገሩን ከአባቴ መሄድ ጋር ያገናኘው ሰው አልነበረም።

አንጎላችን አደጋ ሲሸተው አድሬናሊንና ኮርቲሶል የሚባሉ ሆርሞኖች እንዲመነጩ ያደርጋል። ልብ ይፈጥናል፣ ጨጓራ ይታወካል፣ እንቅልፍ ይሳሳል። አደጋው ሲያልፍ ሰውነት ይረጋጋል። ለምትጠብቅ ሚስት ግን አደጋው አልደረሰም፣ አላለፈምም። ባሏ የሞተባት ሴት ድንኳን ይተከልላታል፣ ዕድርተኛው ይሰበሰባል፣ አብሯት የሚያለቅስ ሰው አለ። ለምትጠብቀዋ ማን ድንኳን ይተክላል? ብታለቅስ «አታሟርቺ» ትባላለች፤ ብትስቅ ደግሞ «ረሳችው»። ፖውሊን ቦስ የምትባል አሜሪካዊት ምሁር በ1970ዎቹ (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) በቬትናም ጦርነት የደረሱበት ያልታወቀ ወታደሮችን ቤተሰቦች አጥንታ ለዚህ ስም አውጥታለታለች። ወደ እኛ ቋንቋ ስመልሰው «ያልለየለት ማጣት» እለዋለሁ። ስለዚህ «ምንም የለብሽም» ማለት ትክክል አይደለም። ሕመሙ እውነት ነው፤ በላቦራቶሪ አለመታየቱ ብቻ ነው።

ይህ ማለት ግን ሁሉንም ነገር ጭንቀት ነው ብላችሁ ተቀመጡ ማለት አይደለም። ሰገራ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ፣ ደም ካስመለሳችሁ፣ ምግብ ሲዋጥ ከተናነቃችሁ፣ ደረት ላይ የሚጫን ወደ ክንድ የሚሄድ ሕመም ካለ በዚያው ቀን ታዩ። የግፊት መድኃኒት የጀመራችሁ «ምግብ አልበላሁም» ብላችሁ በራሳችሁ አታቋርጡ። ከፋርማሲ በራስ ፈቃድ ዲያዜፓም ገዝቶ መተኛትም ሌላ ችግር ያመጣል። መኖር ካስጠላችሁ ደግሞ ለቅርብ ሰው ንገሩ፣ ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ሐኪም ኑ።

ለዚያች እናት የነገርኳት ቀላል ነገር ነው። ስልኩን በቀን ሁለቴ፣ ጠዋትና ማታ ሞክሪ፤ ሌሊት ግን ከራስጌሽ አርቂው። የጦር ሜዳ ቪዲዮ እየከፈትሽ ከሬሳና ከምርኮኛ መሃል ፊቱን አትፈልጊ፤ ወሬ ካለ ወንድምሽ ይስማና ይንገርሽ። እራት ከልጆችሽ ጋር ቀርበሽ ብይ። በቀይ መስቀል በኩል የተጠፋፉ ቤተሰቦችን በነጻ የሚያፈላልግ አገልግሎት እንዳለም ነገርኳት፤ አልሰማችም ነበር።

ታናሹ ልጇ እንደ እኔው አልጋ ማርጠብ ጀምሯል። «አትምቺው» አልኳት፣ ሳላስበው ድምፄ ከፍ ብሎ። ልጆች ሲጠይቁ «ነገ ይመጣል» አይባልም፤ ነገ ሲነጋ አባትም የለም፣ የእናት ቃልም አይታመንም። «አባዬ ሩቅ ነው፣ መቼ እንደሚመጣ እኔም አላውቅም፣ እኔ ግን እዚሁ አለሁ» ማለት ይሻላል። ጎረቤቶችም፣ እባካችሁ በየቀኑ «ወሬ አለ?» አትበሏት። ልጆቿን ለሁለት ሰዓት ያዙላትና ትተኛ።

አባቴ በ1993 ጥቅምት ላይ ተመለሰ። እልልታው ከበረደ በኋላ አልጋ ላይ መተኛት አልቻለም፤ መሬት ላይ ነበር የሚተኛው። የቆርቆሮው በር ሲንኳኳ ይደነግጣል፣ በትንሽ ነገር ይቆጣል። እናቴ «ሌላ ሰው ነው የመጣብኝ» ስትል ሰምቻታለሁ። ማንም አላዘጋጃትም ነበር። እናንተ ግን ከአሁኑ እወቁት። ከጦር ሜዳ የመጣን ሰው እንቅልፍ ላይ እያለ ነቅንቃችሁ አትቀስቅሱት፤ ራቅ ብላችሁ በስሙ ጥሩት። ያየውን እንዲያወራ አታስገድዱት። ቅዠቱና ድንጋጤው ከወር በላይ ከቆየ ሕክምና አለው፤ የአእምሮ ሐኪም ዘንድ አብራችሁ ሂዱ። አባቴ አልሄደም። ብዙ ዓመት መሬት ላይ ተኛ።

ያቺ እናት ባለፈው ሳምንት ተመልሳ መጥታ ነበር። ክብደቷ አንድ ኪሎ ተኩል ጨምሯል፣ ትንሹም ልጅ ሦስት ሌሊት ሳያረጥብ አድሯል። ስልኩ አሁንም ጥሪ አይቀበልም። ለወር ቀጠርኳት።