ሶፍትዌሩ ስንት ነው ከማለታችሁ በፊት

ሰሞኑን ከድሮ ተማሪዎቼ በውስጥ መስመር የሚደርሰኝ ጥያቄ አንድ ዓይነት ሆኗል። «ቲቸር፣ መርካቶ ወርክሾፕ ልንከፍት ነው፤ የቱን የዲዛይን ሶፍትዌር እንግዛ?» ለአንዱ የመለስኩትን ሌሎቻችሁም ብታነቡት ብዬ ነው።

መርካቶ የሌለ ነገር የለም። ክራክ የተደረገ ኦቶካድም ሶሊድወርክስም በፍላሽ ተገልብጦ በጥቂት ብር ይጫንላችኋል። ግን የኮምፒውተር ፕሮግራም በአዋጅ ቁጥር 410/1996 የተጠበቀ የሰው ሥራ ነው። ሕጉን እንኳ ብንተወው፣ የደንበኛ ቀብድ ተቀብላችሁ ፕሮግራሙ አልከፍትም ቢላችሁ ለማን ትደውላላችሁ?

ሕጋዊውስ? የኦቶካድ ባለቤት አውቶዴስክ በ2008 ዓ.ም. አዲስ ቋሚ ፈቃድ መሸጥ አቁሞ ወደ ኪራይ ገብቷል። ኪራዩ ደግሞ በዶላር ነው። በዓመት 500 ዶላር የሚጠየቅበትን ፕሮግራም አስቡ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው ለገበያ ከመለቀቁ በፊት 28,500 ብር ገደማ ነበር፤ ዛሬ ከእጥፍ በላይ ሆኗል። ፕሮግራሙ እኮ ያው ነው!

አሁን ወደ ላሜራው እንምጣ። 1 ሜትር በ2 ሜትር ላሜራ ላይ 45 በ30 ሳንቲ የሆነ ቁራጭ ልታወጡ ነው እንበል። ሁሉንም በአንድ አቅጣጫ ከደረደራችሁ 12 ይወጣል። ሦስቱን ረድፍ በአንድ አቅጣጫ፣ ሁለቱን አዙራችሁ ብትደረድሩ ግን 13። ለ156 ቁራጭ 13 ላሜራ መሆኑ ቀርቶ 12 ይበቃል ማለት ነው። ሥራው በበዛ ቁጥር የሚተርፈው ላሜራም ይበዛል። ይህችን ስሌት ውድ ሶፍትዌር በሰከንድ ይሠራታል፤ ባለ ካሬ ደብተርና እርሳስም ይሠራታል። የምናለሽ ተራ ባለሙያ ደግሞ በዓይኑ ብቻ ይሠራታል።

ስለዚህ ምክሬ ይኸው። በፍሪካድ ጀምሩ። ነጻ ነው፣ ለንግድም ይፈቀዳል፣ ኅዳር 2017 ላይ 1.0 ደርሷል፤ ለሲኤንሲ ማሽን ጂ-ኮድ የሚያወጣ ክፍልም በውስጡ አለ። የፊውዥን ነጻው ፈቃድ ለግል መማሪያ እንጂ ለገቢ ሥራ አይደለም፤ እሱን አትርሱ። የቱንም ብትመርጡ፣ የሚያወጣው ኮድ የማሽናችሁን ቋንቋ መናገሩን መጀመሪያ በቁራጭ እንጨት ላይ ሞክሩ። የማሽን ስፒንድል ከሶፍትዌር ኪራይ ይልቅ ያስለቅሳል።

ከዚያ ደብተር ያዙ። በወር ስንት ላሜራ ተጣለ? ስንት ሰዓት ለሥዕል ሄደ? የሚከፈልበት ፕሮግራም የሚያተርፍላችሁ ከኪራዩ ሲበልጥ፣ ያን ጊዜ ሳታቅማሙ ክፈሉ። እስከዚያ ድረስ ብሩን ላሜራ ግዙበት።

መርካቶ ውስጥ ማሽን የምታሠሩ ወዳጆቼ፣ እናንተ በምን እየሠራችሁ ነው? ለጀማሪዎቹ እስቲ እዚህ ጻፉላቸው።