የአያቶቻችን ማዕድ

ሰውን ከሰው ጋራ የሚያስማማው ነገር ብዙ ነው፤ ይልቁንም በአንድ ማዕድ መቀመጥ ነው። በአገራችን ከማዕድ ወደ ኋላ የሚል ሰው ወይ የታመመ፤ ወይ የተጣላ፤ ወይ የኰራ ነው ተብሎ ይገመታል። እኔ ታምሜ ነበር፤ ዳሩ ግን የኰራሁ መሰልሁ። አንባቢ ሆይ፤ ይህ እንዴት እንደ ሆነ ልንገርህ።

በ2016 ዓመተ ምሕረት ጥቅምት 27 ቀን፤ የመድኃኔ ዓለም በዓል ዕለት፤ ከቀራንዮ ቤተ ክርስቲያን ተመልሰን በእናቴ ቤት ተሰብስበን ነበር። ዘመድም ጎረቤትም መሶቡን ከቦ ተቀምጦአል። እናቴ እየዞረች ታጎርስ ነበርና ወደ እኔ ስትደርስ ጉርሻውን ከሁሉ አብልጣ ጠቀለለችልኝ። እኔም እጄን በደረቴ ላይ አድርጌ «እማዬ፤ ይቅርብኝ፤ እህል ቀንሻለሁ» አልኋት። እጅዋ ተዘርግቶ ቀረ። ቤቱም ዝም አለ። በኋላ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «እጄን ተጸየፍኸውን?» አለችኝ።

ያን ጊዜ እውነቱን መናገር ይገባኝ ነበር። እውነቱ እንዲህ ነበረ። ከአራት ወር በፊት ደሜን ብመረመር፤ በባዶ ሆድ 212 ሚሊግራም ስኳር ተገኘብኝ። ሐኪሞች 126 እና ከዚያ በላይ ደጋግሞ ከተገኘ የስኳር በሽታ ነው ይላሉ። አባቴ በዚሁ በሽታ መጀመሪያ ጣቱን፤ በኋላም አንድ እግሩን ከጉልበቱ በታች ተቈርጦ ነው የሞተው። ቍስሉን ሦስት ዓመት ያጠበች እናቴ ናት። ስለዚህ ሕመሜን ከእርስዋ ሰውሬ ነበር።

እውነቱን በመናገር ፈንታ ስለ ሰው ልጅ አያቶች ማስተማር ጀመርሁ። ሰው እህል መዝራት የጀመረው ከዐሥር ሺህ ዓመት ወዲህ እንደ ሆነና ከዚያ በፊት በአደን፤ በዓሣ፤ በሥራ ሥርና በፍሬ ይኖር እንደ ነበረ ተረክሁ። ዊልያም ባንቲንግ የሚባል የለንደን ሬሳ ሣጥን ሠሪም፤ ውፍረቱ ቢያስጨንቀው፤ በሐኪሙ ምክር ዳቦን፤ ስኳርን፤ ቢራንና ድንችን ትቶ እንደ ከሳ፤ ይህንም በፈረንጆች አቈጣጠር በ1863 ዓመት ጽፎ እንዳሳተመ ጨመርሁ።

አንድ ሽማግሌ ጎረቤታችን ብርሌያቸውን አኑረው «ልጄ፤ እኛ ደግሞ ስለ ዕድሜ ምክር ከሬሳ ሣጥን ሠሪ እንቀበል?» ቢሉ ቤቱ ሁሉ ሳቀ። ቀጥለውም «እነዚህ የምትላቸው አያቶች የማን አያቶች ናቸው? የእኛዎቹ በእንጀራ ኖረዋል» አሉኝ። መልስ አጣሁ። በቋንቋችን እንጀራ የምግብ ስም ብቻ አይደለም፤ ሥራ ያገኘውን እንጀራ ወጣለት፤ ሥራ ያጣውን እንጀራው ተቈረጠ እንላለን። እንጀራ ተውሁ ያለ ሰው ኑሮን የተወ ቢመስላቸው ምን ያስደንቃል!

እናቴ ግን አልሳቀችም። «አባቴ በመንዝ ገበሬ ነበረ» አለች። «ማለዳ በሶ ጨብጦ ወደ እርሻው ይወርዳል፤ ቀኑን ሁሉ ከበሬዎቹ ኋላ ይውላል፤ ማታ የገብስ እንጀራ በሽሮ ይበላል። ሥጋ በዓመት በዓል ነው። ቡናውን በጨው ይጠጣ ነበር፤ ስኳርን አያውቀውም። የእህል ጠላት ግን አልነበረም።» ይህን ብላ ጉርሻውን በአጠገቤ ለተቀመጠ ልጅ አጎረሰችው።

እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ መሶቡን ሳነሣላት «የአባትህ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። «አዎን» አልሁ። የአባቴ ምርኵዝ እስከ ዛሬ ወደሚቆምበት ማዕዘን ብዙ ጊዜ ተመለከተች። «ታዲያ ስለ ፈረንጅ አያት ስትነግረኝ ከምትውል ይህን አትነግረኝም ነበርን?» አለች። ተግሣጹ እውነት ስለ ሆነ አንገቴን ደፋሁ።

ከዚያ በኋላ ሐኪሙ እንዳስረዳኝ አስረዳኋት። እንጀራ፤ ዳቦ፤ ድንችና ቆጮ በሆድ ሲፈጩ ስኳር ሆነው ወደ ደም ይገባሉ፤ ይህንም ስኳር ከደም ወደ ሰውነት የሚያስገባው ኢንሱሊን የሚባለው ነው። የእኔ ሰውነት ኢንሱሊኑን እንደሚገባ አይሠራበትም። ስለዚህ የሚገባውን እህል ባሳንስ ሸክሙ ይቀልለኛል። ኢንሱሊን በቶሮንቶ ተገኝቶ በፈረንጆች በ1922 ዓመት ለሕመምተኛ ከመሰጠቱ በፊት፤ ሐኪሞች ለዚህ በሽታ ከምግብ መቀነስ በቀር ብዙ መሣሪያ አልነበራቸውም።

እናቴ ስለ አባትዋ የተናገረችውንም ደጋግሜ አሰብሁት። የአያቶች ማዕድ አንድ አይደለም። የአፋርና የቦረና ከብት አርቢ በወተት፤ የጉራጌ ሰው በቆጮ፤ የመንዝ ሰው በገብስ ኖሮአል። የመንዙ አያቴ እህል በልቶ ጤነኛ ከሆነ፤ እኔን እህል ብቻውን አላሳመመኝም። እርሱ ሲያርስ ይውላል፤ እኔ በወንበር ተቀምጬ ስጽፍ እውላለሁ። እርሱ ስኳር አላየም፤ የወንጂ ፋብሪካ እንኳ ሥራ የጀመረው በ1946 ዓመተ ምሕረት ነው፤ እኔ ግን በቀን አምስት ሻይ ከሦስት ሦስት ማንኪያ ስኳር ጋራ ስጠጣ ኖሬአለሁ። የእርሱን ማዕድ ለመውረስ የፈለገ ሰው ድካሙንና መጠኑን አብሮ መውረስ አለበት። ይህን የማይችል ግን ከመሶቡ ፊት እጁን ይሰብስብ።

በሚቀጥለው እሑድ እናቴ ጠራችኝ። ጎመኑን ሳትከትፍ ቅጠሉን እንዳለ ቀቅላ፤ በውስጡ አይብና የዶሮ ሥጋ ጠቅልላ፤ እጅዋን እንደ ፊተኛው ዘረጋች። «ይህን አያትህ አልበላውም፤ አንተ ግን ብላ» አለችኝ። ጐረስሁ። ሁለተኛም አጎረሰችኝ፤ አንድ ጉርሻ ያጣላል ይባላልና።

ኅዳር 15 ቀን የነቢያት ጾም ሲገባ የበለጠ ችግር ይሆናል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ ሥጋና ወተት ቀርቶ፤ እህልም ከቀነሰ ምን ይቀራል? ዳሩ ግን ጎመን፤ ተልባ፤ ሰሊጥ፤ ሱፍና እንጕዳይ ቀረ፤ ሽሮም በመጠን፤ እንጀራም ሩቡ ብቻ። መድኃኒቴንም ሳላቋርጥ በስድስት ወር ያ 212 ወደ 118 ወረደ።

ወንድሜ ሆይ፤ አንተም እንዲሁ ለማድረግ ብታስብ፤ አስቀድመህ ሐኪምህን ጠይቅ፤ ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው መድኃኒቱ ሳይስተካከልለት እህሉን በድንገት ቢተው፤ የደሙ ስኳር ከመጠን በታች ወርዶ ራሱን ሊስት ይችላልና። ለቤተ ሰዎችህም ስለ ሩቅ አያቶች ከመተረክ ይልቅ ያስፈራህን ነገር ንገራቸው። የሰው አያት ሲጠቀስበት የሚከራከር ዘመድ፤ የልጁ ሕመም ሲነገረው ወጡን ራሱ ይለውጣል።

እኔም አሁን ማለዳ ማለዳ ከቀራንዮ ወደ አጠና ተራ በእግሬ እወርዳለሁ። እናቴ በደጅ ቆማ ትመለከተኛለች፤ ፊቴን ሳይሆን እግሬን ነው የምታየው።